ከፑንቲና ወደ ኤሌክትሮኒክ፦ የአሮጌ ላንድክሩዘርን እሳት ባገለገለ ዕቃ ማደስ



ባለፈው ክረምት አራት የምህንድስና ተማሪዎች ሆነን ኮምቦልቻ አካባቢ የአንዱ ጓደኛችን ቤተሰብ ዘንድ ሰንብተን ነበር። የጓደኛችን አባት አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ አላቸው። በገበያ ቀን ሽንኩርትና እህል ትጭናለች፤ ሰው ሲታመም ደግሞ የሰፈሩ አምቡላንስ እሷው ናት። አንድ ቀን ከሱብሂ በፊት በር ተንኳኳ። ጎረቤት ምጥ ይዟታል። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ነው ያደረው። አባት ቁልፉን አዞሩ፤ ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ አልነሳም። ባትሪው እየደከመ መጣ። በመጨረሻ እኛና የሰፈሩ ሰዎች በጭቃ ገፍተን ቁልቁለቱ ላይ በማርሽ አስነሳናት። አልሐምዱሊላህ በጊዜ ደረሱ፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ያቺ ሃያ ደቂቃ ግን ከማናችንም ልብ አልወጣችም።

የቀረውን የክረምት ጊዜ በዚያች መኪና ላይ አሳለፍነው። ዘንድሮም ክረምቱ ደርሷል፤ ብዙዎቻችን ወደየቤታችን እንገባለን። አባቱ ወይም አጎቱ ዘንድ በቤንዚን የምትሠራ አሮጌ መኪና ያለችው ሰው ካለ የተማርነው ይጠቅመዋል ብለን ጻፍነው። መኪናዋ ናፍጣ ከሆነች ካንዴላ ስለሌላት ይህ ጽሑፍ አይመለከታትም።

ፑንቲና ምን ይሠራል?

የመኪናዋ ሞተር ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው 2ኤፍ ነው፦ በአንድ ረድፍ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ነው። በካንዴላው ጫፍ ያለውን ክፍተት ብልጭታ እንዲዘለው ግን ብዙ ሺህ ቮልት ያስፈልጋል። ይህን የሚያመነጨው ቦቢና ነው። በቦቢና ውስጥ በአንድ ብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ወፈር ያለና ጥቂት ዙር፣ ሌላው ቀጭንና ብዙ ሺህ ዙር። በወፍራሙ ከረንት ሲያልፍ ማግኔታዊ ኃይል ይጠራቀማል። ከረንቱ በድንገት ሲቋረጥ ያ ኃይል ይፈርስና በቀጭኑ ሽቦ ላይ ከፍተኛ ቮልት ይፈጥራል። እዚህ ላይ ዋናው ቃል «በድንገት» የሚለው ነው። ቀስ ብሎ የተቋረጠ ከረንት ጥሩ እሳት አይሰጥም።

ከረንቱን የሚያቋርጠው ፑንቲና ነው። በዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ ያለው ባለ ስድስት ጉብታ ካም እየገፋ ይከፍተዋል፤ ስፕሪንግ መልሶ ይዘጋዋል። ፑንቲናው ሲከፈት በራሱ ጫፎች መካከል እሳት እንዳይፈጠርና ማቋረጡ ፈጣን እንዲሆን ጎኑ ላይ ኮንደንሰር ታስሯል። ይህ ሁሉ ቀላል ነው፤ ገጠር ውስጥ በጥፍር ሞረድ ሊጠገን ይችላል። ችግሩ ሥራው መብዛቱ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናው በሰከንድ 150 ጊዜ ይከፈታል፤ ይዘጋል። በየጊዜው ጫፉ ትንሽ ይቃጠላል። ካሙን የሚነካው የፕላስቲክ እግሩም ትንሽ በትንሽ ይበላል። እግሩ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ የሚመጣበት ጊዜ ወደ ኋላ ይዘገያል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ለዚህ ነው በየጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ክፍተቱን ወደ 0.45 ሚሊ ሜትር መመለስ የሚያስፈልገው።

በብርድና በዝናብ ለምን ይሰንፋል?

ይህንን በክፍል የተማርነው የኢንዳክተር ሒሳብ ይመልሰዋል። በቦቢና ውስጥ የሚጠራቀመው ኃይል የኢንዳክታንሱ ግማሽ ሲባዛ በከረንቱ ስኩዌር ነው። ለምሳሌ ያህል ኢንዳክታንሱን 8 ሚሊሄንሪ፣ የመስመሩን ጠቅላላ ሬዚስታንስ 3 ኦም እንበል። በ12 ቮልት ከረንቱ 4 አምፒር ይደርሳል፤ የተጠራቀመው ኃይል 64 ሚሊጁል ይሆናል።

አሁን ወደዚያ ንጋት እንመለስ። በብርድ ማስነሻ ሞተሩ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ባትሪው ወደ 9 ቮልት ይወርዳል። የተቃጠለው ፑንቲና ደግሞ 1 ኦም ጨምሯል እንበል። ከረንቱ 9 ሲካፈል ለ4፣ ማለትም 2.25 አምፒር ብቻ ነው። ኃይሉ 20 ሚሊጁል አካባቢ ይሆናል፤ ከሲሶው ያነሰ ማለት ነው። ከረንቱ በግማሽ ገደማ ቢቀንስም ኃይሉ በስኩዌር ስለሚሄድ የሚቀንሰው እጅግ በዛ ብሎ ነው። ከዚህ የተረፈችው እሳት ደግሞ በእርጥብ ክዳንና በአረጀ የካንዴላ ሽቦ በኩል ትሾልካለች።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ደሴ ከባሕር ወለል 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ካርቡራቶር ያላት መኪና ከአየሩ አንፃር ቤንዚን ይበዛባታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ጥላሸቱም እሳቱን ወደ ጎን ያሾልካል። ስስ አየር ከፍተኛ ቮልትን የመከልከል አቅሙም ስለሚቀንስ በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ እሳቱ ወዳልታሰበ ቦታ መዝለል ይቀለዋል።

ከመቀየር በፊት መፈተሽ

እኛ እንደ ተማሪ ሞተሩን በአዲስ ዕቃ ለማሸነፍ ቸኩለን ነበር። የሰፈሩ መካኒክ ግን ሳቁብንና «ልጆቼ፣ መጀመሪያ የባትሪውን ራስ አጽዱ፤ መጽሐፉን ኋላ ትከፍታላችሁ» አሉን። «እሺ ጋሼ» ብለን ጀመርን። እውነታቸውን ነበር።

የባትሪው ራሶች በነጭ ዝገት ተሸፍነው ነበር፤ በሙቅ ውሃ አጥበን በብረት ብሩሽ ፈተግናቸው። ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኘው የኔጌቲቭ ሽቦ ጫፉ ተበልቶ ነበር፤ ቀየርነው። በጨለማ ሞተሩን አስነስተን ኮፈኑን ከፍተን ስናይ የካንዴላ ሽቦዎቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ይሮጣል፤ ሽቦዎቹ ሞተዋል ማለት ነው። ክዳኑን አውልቀን በባትሪ መብራት ስንመረምረው ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘንበት። ካንዴላዎቹ ጥቁር ነበሩ።

እነዚህን ካስተካከልን በኋላ መኪናዋ ከበፊቱ ብዙ ተሻለች። በግልጽ እንናገር፦ ከፈውሱ ግማሹ የተገኘው ከዚህ ነው። መስመሩ ሳይጸዳ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ የሚገጥም ሰው ገንዘቡን በተቀደደ ከረጢት ውስጥ እንደሚጨምር ነው። ታዲያ ለምን መቀየሩን አልተውነውም? ፑንቲና የሚያስተካክል ሰው ሁልጊዜ ስለማይገኝ ነው። አባት ዓይናቸው ደክሟል፤ 0.45 ሚሊ ሜትር ክፍተት መለካት ይከብዳቸዋል። ልጆቻቸው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ናቸው።

ምን ይገዛል?

በኋላ የመጡት የዚሁ 2ኤፍ ሞተር ላንድክሩዘሮች፣ በተለይ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኤፍጄ60፣ ኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢዩተር ይዘው የተሠሩ አሉ። በዚህ ውስጥ ፑንቲና የለም። በዘንጉ ላይ ስድስት ጥርስ ያለው ብረት ይዞራል፤ ጎኑ ማግኔት ያለው ትንሽ ጥምጥም ሽቦ ተቀምጧል። ጥርሱ ባለፈ ቁጥር ጥምጥሙ ላይ ትንሽ ቮልት ይፈጠራል። ኢግናይተር የሚባለው ሳጥን ይህን ምልክት ተቀብሎ በውስጡ ባለው ትራንዚስተር የቦቢናውን ከረንት ያቋርጣል። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ የሚበላ ነገር የለም፤ ማቋረጡም ንጹሕና ፈጣን ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ያለ ማሻሻያ በአሮጌው 2ኤፍ ሞተር ቀዳዳ ይገባል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ቤተሰቡን አትነጣጥሉ። ዲስትሪቢዩተሩን፣ ኢግናይተሩንና ቦቢናውን ከነሬዚስተሩ ከአንድ መኪና ላይ ውሰዱ። ኢግናይተር የሚችለው የከረንት መጠን አለው። ሬዚስታንሱ ከሚገባው ያነሰ የሌላ መኪና ቦቢና ከታሰረበት ግሎ ይቃጠላል። ሶኬቶቹንም ከሃያ ሳንቲ ሜትር ሽቦ ጋር አስቆርጣችሁ ውሰዱ፤ አሮጌ ሶኬት ለብቻው ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ገበያ ላይ

ዕቃውን ያገኘነው አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ከኪሳችን ያልለየነው አንድ መልቲሜትርና አንድ የሰዓት ድንጋይ፣ ማለትም ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ነበር።

አንደኛ፣ የዲስትሪቢዩተሩን ዘንግ በጣት ወደ ጎን ወዝውዙ። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተዉት። ሁለተኛ፣ የጥምጥሙን ሬዚስታንስ ለኩ፤ ከ140 እስከ 180 ኦም መሆን አለበት። ዜሮ ወይም መጨረሻ የሌለው ቁጥር ካሳየ ሞቷል። ሦስተኛ፣ ጎን ያለውን ክብ የቫኩም ሳጥን ቱቦ በአፍ ምጉ። የውስጡ ሳህን መንቀሳቀስ አለበት፤ የቱቦውን አፍ በምላስ ስትዘጉትም ቆሞ መቆየት አለበት። ቶሎ ከተመለሰ ላስቲኩ ተቀዷል።

አራተኛው የኢግናይተር ፈተና ነው፤ ለዚህ የመኪና ባትሪ ያስፈልጋል። ኢግናይተሩንና ቦቢናውን እንደ መኪናው አገናኝታችሁ ቮልት መለኪያውን በቦቢናው ኔጌቲቭና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል አድርጉ። ከዚያ ባለ 1.5 ቮልቷን ድንጋይ የዲስትሪቢዩተሩ ምልክት በሚገባባቸው ሁለት ጫፎች ላይ ንኩ፤ ቀጥሎ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ገልብጣችሁ ንኩ። በአንዱ አቅጣጫ ንባቡ የባትሪውን ሙሉ ቮልት ያህል መሆን አለበት፤ በሌላው በግልጽ መውረድ አለበት። በሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ትራንዚስተሩ አይሠራም። ከአምስት ሰከንድ በላይ ግን አትያዙት፤ ጤነኛውንም ታቃጥሉታላችሁ።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ነንና አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ያገለገለ ዕቃ ገበያ የአማና ፈተና ነው። ከሻጮቹ አንዱ እኛ ሳንፈትሽ «ይሄ ቫኩሙ ተቀዷል፤ ዋጋውን ቀንሼላችኋለሁ» አለን። ዐይቡን ገልጦ መሸጥ ማለት ይህ ነው፤ ሌላ ቦታ ርካሽ ብናገኝም ከእሱ ገዛን። በሌላ በኩል ዋጋው ከሚገባው እጅግ የወረደና ሽቦው በችኮላ የተቆረጠ ዕቃ ሲቀርብ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት አይፈቀድም፤ ነገ የምትቆመው የሌላ ሰው መኪና ናት። የተፈታውን መኪና ወይም ደረሰኙን የሚያሳይ ሻጭ ይሻላል።

አገጣጠም

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አውልቁና ቀዳዳው ላይ ጣት አስቀምጡ። ሞተሩ በእጅ ሲዞር አየር ጣታችሁን መግፋት ሲጀምር ፒስተኑ በመጭመቂያ ጉዞው ላይ ነው። በዝንባኝ በኩል ባለችው መስኮት፣ ማለትም ከሞተሩ በስተኋላ ያለው ትልቅ ጎማ መሰል ብረት በሚታይባት ቀዳዳ፣ ትንሿ የብረት ኳስ ከጠቋሚው ጋር እስክትገጥም አዙሩ። ኳሷ የምታመለክተው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7 ዲግሪ በፊት ያለውን ቦታ ነው። ሮተሩ ወዴት እንደሚያይ በኖራ ምልክት አድርጉ፤ በስልክም ፎቶ አንሱ። ከዚህ በኋላ ሞተሩን አታዙሩ።

አሮጌውን ዲስትሪቢዩተር ስታወጡ ሮተሩ ትንሽ እንደሚዞር ታያላችሁ፤ ጥርሱ ጠማማ ስለሆነ ነው። አዲሱን ስታስገቡም ያንኑ ያህል ስለሚዞር ቀድማችሁ ወደ ኋላ አስቡለት። የዘንጉ ጫፍ ከታች የዘይት ፓምፑን ስንጥቅ ይይዛል፤ ፓምፑን የሚያዞረው እሱ ነው። ዲስትሪቢዩተሩ እስከ መጨረሻው ካልተቀመጠ በመዶሻም በብሎንም አታስገድዱት። አውጡና በረዥም ካቻቢቴ የፓምፑን ስንጥቅ አስተካክላችሁ እንደገና ሞክሩ። ከተነሳ በኋላም መጀመሪያ የምታዩት የዘይቱን ጌጅ ይሁን።

በጥርሱና በጥምጥሙ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። የካንዴላ ሽቦዎቹ ተራ 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ነው።

ኤሌክትሪኩን በሪሌ እንድትሠሩት እንመክራለን። ከባትሪው ፖዘቲቭ በ15 አምፒር ፊውዝ በኩል አዲስ ወፍራም ሽቦ ወደ ሪሌው፣ ከሪሌው ወደ ቦቢናውና ኢግናይተሩ ይሂድ። አሮጌው የቁልፍ ሽቦ ሪሌውን ብቻ ያዝ። በአሮጌው መስመር ላይ 1.5 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖር እንኳ ሪሌው የሚስበው 0.15 አምፒር ገደማ ስለሆነ የሚጠፋው 0.2 ቮልት ብቻ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ በአንዳንድ መኪና ያ ሽቦ ቁልፉ በማስነሻ ቦታ ላይ ሳለ ኤሌክትሪክ የለውም። አስቀድማችሁ በመልቲሜትር እዩት። ከሌለው ሪሌው የሚነቃበትን መስመር ከሌላ፣ በሁለቱም ቦታ ኤሌክትሪክ ካለው ሽቦ ውሰዱ፤ አለዚያ ሞተሩ የሚነሳው ቁልፉን ስትለቁት ብቻ ይሆናል።

በመጨረሻ የቫኩሙን ቱቦ ነቅላችሁ በታይሚንግ መብራት 7 ዲግሪው ላይ አስቀምጡት፤ ቱቦውን መልሱ። እኛ ለከፍታው ስንል በጣም ትንሽ አስቀደምነውና ዕቃ ጭነን የሐረጎን ዳገት ወጣን። ዳገት ላይ የሚንኳኳ ድምፅ ከተሰማ መልሱት።

ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ሽቦ ነቅላችሁ እሳት አትፈትሹ። የድሮ ልማድ ነው፤ ኤሌክትሮኒኩ ግን እሳቱ መውጫ ሲያጣ ኢግናይተሩና ቦቢናው ሊበላሹ ይችላሉ፤ እጃችሁንም ክፉኛ ይመታል።

የእኛ ስህተት

ገጥመን ስንጨርስ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ተቃቀፍን። አሥር ደቂቃ ሳትሄድ መንተባተብ ጀመረች፤ ከዚያ ጠፋች። ሻጩን ለመውቀስ አፋችንን ልንከፍት ስንል መካኒኩ ኢግናይተሩን በጣታቸው ነካ አድርገው «ይሄ ምን ላይ ቆመ?» አሉ። ቀለም ላይ አስረነው ነበር። የዚህ ኢግናይተር ኔጌቲቩ የራሱ ቆርቆሮ ነው፤ ቀለሙ ሲከለክለው ከረንቱ በብሎኑ ክር ብቻ ይሾልክ ነበር። ቀለሙን ፍቀን ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚሄድ ሽቦ ጨመርንለት። ከዚያ ወዲህ አልተንተባተበችም። ሰውን ከመጠርጠር በፊት የራስን ብሎን ማየት ይሻላል።

አሮጌውን አትጣሉ

አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ፑንቲና ከመሞቱ በፊት ይታመማል፤ ሳምንታት ሲቀሩት ማስነሻው እየከበደ ይነግራችኋል። ኢግናይተር ግን ብዙ ጊዜ ሳይታመም ይሞታል፤ መንገድ ላይም በሞረድ አይጠገንም። ስለዚህ አሠራሩ የተሻለ ቢሆንም ለብቻው አይታመንም። ሁለተኛ የተፈተሸ ኢግናይተር ገዝተን በጨርቅ ጠቅልለን ወንበሩ ሥር አስቀመጥን። ከጎኑ አሮጌው ዲስትሪቢዩተር ከነፑንቲናው ክፍተቱ ተስተካክሎ፣ አሮጌው ቦቢናም አብሮት አለ። አሮጌውን ሽቦ አልቆረጥነውም፤ ጫፉን በፕላስተር ሸፍነን አስረነዋል። አባት ራሳቸው ኢግናይተሩን ሁለት ጊዜ ፈትተው እስኪያስሩ ድረስም ከዚያ አልወጣንም። የማይጠግኑትን ነገር ለባለቤቱ ትቶ መሄድ ውለታ አይባልም።

ከዚያ ወዲህ በስልክ ስንጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነው፦ «በአንድ ቁልፍ።» ጎረቤቷ ልጇን አዝላ በዚያችው መኪና ገበያ ትወርዳለች።

በዚህ ክረምት ወደ ቤት ስትገቡ ኮፈኑን ክፈቱ፤ ከባትሪው ራስ ጀምሩ። ቤተሰቦቻችን ያስተማሩን ሰሌዳ ላይ ያለውን ብቻ እንድናውቅ አይደለም። አላህ ዕውቀታችንን ጠቃሚ ያድርግልን።